የምዕራፍ ሦስቷ ቲቸር

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። መቱ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ምንም አልቀረበትም። ሰማያዊ በር አለው፤ አጥሩ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተስሏል። ካርታው ላይ አፍሪካ ከአውሮፓ ታንሳለች። እኔ የሂሳብ እንጂ የጂኦግራፊ ተመራቂ አይደለሁም፤ ቢሆንም ያንን ካርታ ያየሁ ዕለት ከበሩ መመለስ ነበረብኝ።

አልተመለስኩም፤ ሥራ ፈልጌ ነበር። ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጎሬ፣ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ዳቦ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር "ኑኃሚን፣ እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?" እባላለሁ። ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሥራው የት እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም።

እስከዚያ ድረስ አራት ቦታ ቃለ መጠይቅ ተቀምጫለሁ። አንዱ ቦታ ማስታወቂያው "ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል፤ ገብቼ ስቀመጥ የሁለት ዓመት ልምድ አለሽ ወይ አሉኝ። ማስታወቂያውን ባስታውሳቸው "ዜሮ ቢሆንም ልምድ ያለው ይመረጣል" አሉ። አራት ዓመት ሂሳብ ተምሬ ይህን ማስላት አቃተኝ። ሌላ ቦታ አንዱ ፈታኝ ባል እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም ስለው፣ ስታገቢ ጥለሽን ትሄጃለሽ አለ። ከእኔ ቀጥላ የገባችው ልጅ ባል አለኝ ብትለው፣ አንቺ ደግሞ ትወልጃለሽ አላት። ሦስተኛው ቦታ ተራዬን ስጠብቅ ያለፈው ሰው ስም ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት። እንዲያም ሆኖ ጠርተው ጠየቁኝ፤ እኔም እያወቅሁ መለስኩላቸው። አራተኛውን ብተወው ይሻላል፤ አሁንም ያናድደኛል።

ድሪቤ የዶርም ጓደኛዬ ናት። አራት ዓመት በተደራራቢ አልጋ፣ እሷ ከታች እኔ ከላይ ተኝተናል። የያዮ ልጅ ናት፤ አባቷ ጫካ ገብተው ቡና የሚለቅሙ ገበሬ ናቸው። ከሁላችን ይልቅ ሂሳብ የገባት እሷ ነበረች፤ ፈተና ሲደርስ ዶርሙ በሙሉ እሷ አልጋ ላይ ይሰበሰባል። ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነው። ኅዳር ላይ ሰማያዊ በር ያለው ትምህርት ቤት ተወዳድራ "ድምፅሽ ክፍል አይሞላም" ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ የትም አመልክታ አታውቅም። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሌላውን ሰው ዲግሪ ታባዛለች።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን አመንኩት። የድሪቤ ድምፅ እውነትም ዝቅ ያለ ነው፤ የእኔ ደግሞ ጎሬ ሆኜ ብናገር መቱ ይሰማል። እንግዲያው እሷ የወደቀችበትን እኔ አልፈዋለሁ ብዬ ነው የካቲት ላይ ማመልከቻዬን ይዤ የሄድኩት። ለእሷ እንኳ አልነገርኳትም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈንታሁን ይባላሉ። ረጋ ያሉ፣ እያወሩ እስክሪብቷቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰው ናቸው። መምህርነትን ለምን እንደመረጥኩ ጠየቁኝ። ሌላ ቦታ "ትውልድ ለመቅረጽ" እል ነበር፤ አልጠቀመኝም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ክፍል ውስጥ መቆም ስለምወድ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉና ቃለ መጠይቁን ማለፌን ነገሩኝ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ስምንተኛ ክፍልን ማስተማር ብቻ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ስለሆነ ክፍያ የለውም፤ በመጨረሻው ዓርብ ኮሚቴ ገብቶ በቅጽ ይገመግመኛል። የምጀምረው ምዕራፍ አምስትን ነው፤ ስለ ክብ።

ለሁለት ሳምንቱ መቱ አንድ ክፍል ተከራይቼ ሰኞ ገባሁ። ልጆቹ አርባ ስድስት ናቸው፤ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። የሰሌዳ ኮምፓስ ስላልነበረ ሲባጎ ጫፍ ላይ ጠመኔ አስሬ፣ አንዱን ተማሪ ጫፉን በጣቱ እንዲይዝ አድርጌ ክብ አዞርኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳያቸው አርባ ስድስቱም ሲባጎውን ያያሉ። በዚያች ደቂቃ ይህን ሥራ ምን ያህል እንደምፈልገው ገባኝ። ደመወዙ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የፈለግሁት ያንን ቦታ ነው፤ ሰሌዳውን ከኋላዬ፣ ልጆቹን ከፊቴ።

ሊደወል ሲል ከፊት የተቀመጠች ዓያንቱ የምትባል ልጅ እጇን አወጣችና በኦሮምኛ መምህርት ብላ ጠራችኝ።

"ባርሲስቱ፣ የምዕራፍ አምስቷ ቲቸር እርስዎ ነዎት?"

አዎ አልኳት፤ የማስተምረውን የጠየቀችኝ መስሎኝ። ክፍሉ እርስ በርሱ ተያየ። አዲስ አስተማሪ የገባበት ክፍል ሁልጊዜ ይተያያል ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

ሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ላይ ደብተር ሰብስቤ ለማረም መምህራን ማረፊያ ተቀመጥኩ። የዓያንቱን ደብተር ከፈትኩና ክብ ጋ ለመድረስ ከመጀመሪያው ገለበጥኩት። ምዕራፍ አንድ ላይ ቀይ እርማት አለ፤ ሥሩ ላይ የመምህሩ ፊርማ፤ ከእሱ ሥር የወላጅ ፊርማ። ምዕራፍ ሁለት ላይ የመምህሩ ፊርማ ሌላ ነው። ቀኖቹን አየሁ፤ በሁለቱ ምዕራፎች መሀል ሦስት ሳምንት ምንም አልተጻፈም። ምዕራፍ ሦስትን ስገልጥ እጄ ቆመ።

ያቺን ፊርማ አውቃታለሁ። አንድ "D" ናት፤ ጭራዋ ተመዝዞ እንደ ቡና ቅጠል ይጠቀለላል። ዶርም ውስጥ ባልዲዋ ላይ ሳይቀር ይህንኑ ትፈርም ነበር። ድሪቤ ናት። እዚያ ክፍል ቆማ ማስተማሯን ግን ነግራኝ አታውቅም።

ምዕራፍ አራት ሌላ ፊርማ፤ ከዚያ እንደገና ባዶ ሳምንታት፤ ከዚያ ምዕራፍ አምስትና የእኔ ፊርማ። ሌሎቹንም ደብተሮች ገለጥኩ። ሁሉም ያው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ያ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ ኖሮት አያውቅም፤ አመልካች ብቻ ነው የነበረው። አንዱን ለሁለት ሳምንት ያስገቡታል፣ አንድ ምዕራፍ ያስጨርሱታል፣ አልቻልክም ብለው ይሸኙታል፤ ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። እኛም ከጎሬ፣ ከያዮ፣ ከኖፓ እየመጣን በየተራችን እንገባለን፤ ስለማንተዋወቅ ደግሞ እያንዳንዳችን የወደቅነው በራሳችን ጉድለት ይመስለናል።

በእረፍት ሰዓት ዓያንቱን ጠርቼ ጠየቅኋት። ልጅቷ ምንም አልደበቀችም። ስማቸውን ከመያዛችን በፊት ስለሚሄዱ በምዕራፋቸው ነው የምንጠራቸው አለችኝ። የምዕራፍ አንዱ ቁጡ ነበር፤ የምዕራፍ ሁለቷን ሳል አይለያትም ነበር። ስለ ምዕራፍ ሦስቷ ስትነግረኝ ግን ፊቷ ተለወጠ። ኅዳር ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሌሎቹ ቆመው ሲጮሁ ወይም ትተው ሲቀመጡ፣ እሷ ከሰሌዳው ወርዳ በየዴስኩ እየዞረች ጎንበስ ብላ ታስረዳቸው ነበር። "እኩልታ ሚዛን ነው፣ ከአንዱ ወገን ያነሳችሁትን ከሌላውም አንሱ ያሉን እሳቸው ናቸው" አለችኝ። "ለምን ሄዱ?"

አላውቅም አልኳት፤ ዋሸሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ድሪቤ የአንድ ሥራ ፈላጊ ማስረጃ ማሽኑ ላይ ደርድራ ታባዛለች። ሰውየው እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳልነግራት መወዳደሬንም፣ ለምን እንደተወዳደርኩም ጭምር። እሱ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ድሪቤ የማሽኑን ክዳን ዘጋች። እኔ ላይ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢሆን እመርጥ ነበር።

"እኔ እኮ አምኛቸዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "አራት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ ማውራት እለማመዳለሁ።"

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። አሁኑኑ ሄጄ የዚያን ሰውዬ ቢሮ እገለብጠዋለሁ አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

"ዺሲ፣ ኑኃሚን። ተይው። እኔ አንዴ አልፎብኛል። ሥራውን ከሰጡሽ ውሰጂው።"

ማታ አባቴ ደወለ። አባቴ አቶ ጥበቡ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሠራ ሰው ነው፤ የስንቱን ክስ በእጁ ጽፎ እሱ ራሱ አንድ ቀን ሰው ከስሶ አያውቅም። ነገሩን ስነግረው ተነፈሰና "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። መጀመሪያ ግቢበት፤ ከገባሽ በኋላ ታስተካክይዋለሽ" አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሥራ ይዤ ማየት ስለጓጓ ነው። እኔም ጓጉቻለሁ። ግን ዝም ያልኩባቸውን አራት ቃለ መጠይቆች አሰብኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል እንጂ እኔ ነቅዤ ነበር።

ዓርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኮሚቴው ገባ። አቶ ፈንታሁን፣ ምክትላቸውና አንድ የማላውቃቸው ጠና ያሉ ሰው ከኋላ ዴስክ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰውየው የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ኦቦ ኦላና፣ የዓያንቱ አባት፣ እንደሆኑ ተነገረኝ። ወላጆች ልጆቻችን ለምን ቋሚ የሂሳብ አስተማሪ የላቸውም ብለው ጠይቀዋል፤ አቶ ፈንታሁንም እየፈለግን ነው፣ ብቁ ሰው ጠፋ ብለው መልሰዋል። ኦቦ ኦላና የመጡት ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ብቁ ያልሆነው ሰው እኔ መሆኔ ነው።

ዕቅዴ የክብን ስፋት ማስተማር ነበር። አስተማርኩ፤ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ። ከዚያ ጠመኔውን አነሳሁና ምዕራፍ ከማለቁ በፊት ክለሳ እናደርጋለን አልኩ። ክለሳ የማስተማር ዘዴ ስለሆነ ማንም ሊከለክለኝ አይችልም፤ ቅጹም ላይ ነጥብ አለው።

ከምዕራፍ አንድ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንድ ልጅ ወጥቶ ሠራው። "ጎበዝ፤ ማን ነው ያስተማረህ?" አልኩት።

"የምዕራፍ አንዱ ቲቸር" አለ።

ከምዕራፍ ሁለት ጻፍኩ። አንዲት ልጅ ወጥታ እየፈራች ጨረሰችው። እሷንም ጠየቅኋት፤ የምዕራፍ ሁለቷ ቲቸር አለች። ከኋላ የአቶ ፈንታሁን እስክሪብቶ ድምፅ ቆመ። ከምዕራፍ ሦስት እኩልታ ስጽፍ ሃያ እጅ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ዓያንቱን ጠራኋት። ከሰሌዳው ፊት ቆማ ሁለት እጇን እንደ ሚዛን ዘረጋች፤ ከዚህ ሦስት ሳነሳ ከዚያም ሦስት አነሳለሁ እያለች ጥርት አድርጋ ጨረሰችው። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም፤ ክፍሉ ራሱ "የምዕራፍ ሦስቷ!" አለ።

አቶ ፈንታሁን ተነሡና ሰዓቱ በቂ ነው አሉ። ኦቦ ኦላና ግን አልተነሡም።

"ኢጆሌ፣ ልጆች" አሉ ረጋ ብለው፣ "ዘንድሮ ስንት የሂሳብ አስተማሪ ገባላችሁ?"

"አምስት።"

ኦቦ ኦላና የልጃቸውን ደብተር ተቀብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። አንድ በአንድ ገለጡ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ከድሪቤ ፊርማ ሥር አሳረፉ፤ እዚያ የራሳቸው ፊርማ አለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሥር አለ። ልጅቷ ወላጅ አስፈርሚ ተብላ ደብተሩን ስታቀርብላቸው፣ ከላይ ያለውን ሳያዩ አምስት ጊዜ ፈርመዋል።

"እኔም ፈርሜበታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። ደብተሩን ለልጃቸው መለሱና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። በመስኮት ሳይ ግቢው መሀል ቆመው ስልክ ይደውላሉ።

ከዚያ ቢሮ ተጠራሁ። አቶ ፈንታሁን ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጡም። ጸሐፊዋን እትዬ መንበረን ውል እንዲያወጡ አዘዙ። የቋሚ መምህርነት ውል ነው፤ ስሜ ገና ከአሁኑ ተተይቦበታል። አልፈሻል አሉኝ፤ የክፍል አያያዝሽ ጥሩ ነው፤ ሰኞ ትጀምሪያለሽ፤ ያለፈው አለፈ፤ ከወላጆች ጋር የሚደረገውን እኛ እንነጋገራለን፤ አንቺ ትምህርቱ ላይ አተኩሪ። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት።

ውሉን አየሁት። ሁለት ዓመት የለመንኩት ወረቀት ነው። አባቴ ይህን ቢያይ ጎሬን በሙሉ ዞሮ ያሳያት ነበር። እጄ እስክሪብቶው ላይ ነበር፤ አልዋሽም። ሰኞ ሲባጎዬን ይዤ ልጆቹ ፊት ስቆም ታየኝ።

"ከመፈረሜ በፊት የድሪቤን የግምገማ ቅጽ ልይ" አልኳቸው።

የሌላ አመልካች ማስረጃ ምሥጢር ነው አሉ። እትዬ መንበረ ግን አንገታቸውን ደፍተው መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ክላሰር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አቶ ፈንታሁን ቀና ብለው አዩዋቸው። ገለጥኩት። አራት ቅጽ ነበረ። የድሪቤ ሦስተኛው ነው። ከላይ ስሟ አለ። ከዚያ በታች፦ የትምህርት ዝግጅት፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የክፍል አያያዝ፣ ድምፅ። ከፊታቸው ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። አንድ ነጥብ፣ አንድ ፊርማ የለም። ድምጿን የሰማ ሰው አልነበረም፤ ማንም ክፍሏ አልገባም። "ድምፅሽ ክፍል አይሞላም" ያሏት ቆመው ሲሸኟት አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ነው። ድሪቤ አራት ወር ለብቻዋ ስትጮህ የከረመችው ለዚህ ነው።

ቅጹን ከክላሰሩ አወጣሁት።

"ውሉን እፈርማለሁ" አልኩ። "እርስዎ መጀመሪያ እዚህ ይጥሯትና እውነቱን በአፍዎ ይንገሯት። አልገመገምንሽም፣ ዋሽተንሻል ይበሏት። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።"

አቶ ፈንታሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "አመልካችን ይቅርታ የሚጠይቅ ተቋም የት አይተሻል? አንቺ ልጅ፣ ይህን በር ከወጣሽ መቱ ውስጥ ማንም አይቀጥርሽም።"

"እስከ ዛሬስ ማን ቀጠረኝ?" አልኳቸው።

እስክሪብቶውን ውሉ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ቅጹ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው አሉ ከኋላዬ። ባዶ ወረቀት ነው፣ ምን ያደርግልዎታል ብዬ ወጣሁ። እትዬ መንበረ በሩን ሲከፍቱልኝ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ምሳ ሰዓት ነበር፤ ማካፋት ጀምሯል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከሰማያዊው በር አጠገብ፣ ካርታው ሥር፣ ከበሩ ጣሪያ በታች ተጠልለው ጠበቁኝ። ዓያንቱ ቀድማ መጣች።

"ቲቸር፣ ሰኞ ይመጣሉ?"

አልመጣም አልኳት። ጥለዋቸው እንደሄዱት ሌሎች እኔም ጥያቸው መሄዴ ነው፤ ሌላ ማስመሰል አልቻልኩም። አባትሽና ሌሎቹ ወላጆች ዝም አይሉም፤ ዝም ካሉም አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ጠይቂያቸው አልኳት። ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። ይህ የምዕራፍ ሦስቷ ቲቸር ቅጽ ነው፣ ሳይሞላ ቀርቷል፣ ክፍሏ የነበራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ እናንተ ሙሉት አልኳቸው። አጥሩን ተደግፈው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እያጮለቀ፣ እየተከራከሩ ሞሉት። ወረቀቱ ላይ የዝናብ ጠብታ አረፈበት። እኔ አላየሁትም፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ድሪቤ ማሽኑ አጠገብ ቆማ አነበበችው። የትምህርት ዝግጅት፦ ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። የሰሌዳ አጠቃቀም፦ ጽሑፋቸው ያምራል፣ ሚዛን ይስላሉ። የክፍል አያያዝ፦ ማንንም አልመቱም፣ ግን ማንም አልረበሸም። የመጨረሻውን አንብባ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። በዓያንቱ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦

"ድምፅ፦ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ዝም ብለን እንሰማቸው ነበር።"

ሥሩ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ፊርማ ሰፍሯል፤ አንዳንዱ ስም ነው፣ አንዳንዱ ገና መፈረም የሚለማመድ ልጅ ጭረት ነው።

ድሪቤ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ቅጹን መስታወቱ ላይ አድርጋ ክዳኑን ዘጋችው። አንድ ኮፒ ወጣ። ኦሪጅናሉን ለራሷ አስቀመጠች፤ ኮፒውን ከዲግሪዋ ኮፒ ጀርባ በስቴፕለር መታችው።

ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ከዚያ "ውሉ ላይ ስምሽ ተተይቦ ነበር?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በቃ፣ ስምሽን በትክክል ጽፈውታል?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እንግዲያው አውቀውሻል" አለና ሳል አስመሰለ። አባቴ ሲያዝን ሳል ያስመስላል።

ወላጆቹ ተሰብስበዋል፤ ስብሰባው ምን ላይ እንደደረሰ ሙሉውን አላውቅም። ዓያንቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እየመጣች ምዕራፍ ስድስት ላይ ያልገባትን ድሪቤን ትጠይቃታለች፤ አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ሆነው ይመጣሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ኖፓ ላይ ሁለት የሂሳብ መምህር ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሚኒባሱ ሁለቴ ተይዞ ወርደን ገፋነው። ድሪቤ ጫማዋን በቅጠል እየጠረገች ሳቀች፤ ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ከቢሮው ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ዐሥራ አንድ አመልካች ተደርድሮ ይጠብቃል። መብራት ስለጠፋ የፈታኞቹን ክፍል በር ለብርሃን ብለው ክፍት ትተውታል።

ድሪቤ ከእኔ በፊት ተጠራች። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ስሟን፣ ከየት እንደመጣች ጠየቋት፤ ስትመልስ መሀል ላይ የተቀመጡት ሰው ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፉ። አጠገቤ ያሉት ሁለት ሴቶች ስለ ማረፊያ ቤት እያወሩ ነበር። በልቤ ድሪቤ ጩሂ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

"ትንሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ እንጂ፣ እህቴ" አሏት ሰውየው። "ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው የምታስተምሪው?"

ድሪቤ ከተጠረዘው ማስረጃዋ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ድምጿን አልለወጠችም።

"አዎ" አለች። "ዝም ካላችሁ ይሰማል።"

ሰውየው አጎንብሰው ቅጹን ማንበብ ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች ወሬያቸውን ተዉ፤ ኮሪደሩም ጸጥ አለ። ድሪቤ ስለ ሚዛኑ ማስረዳት ስትጀምር፣ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።